በሽታ የመከላከል አቅምና ካንሰር፦ ከወሎ ሲታይ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ሆነ በከሚሴ፣ ስለ ካንሰር የተነሣ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አንድ ምክር ላይ ነው፤ «በሽታ የመከላከል አቅምህን አጠንክር» የሚለው ላይ። ምክሩን ተከትሎ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማርና የሽፈራው ቅጠል ይጠራሉ። በስልክ በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ደግሞ ይዘታቸው በውል ያልተገለጸ ብልቃጦች «የመከላከል አቅምን ገንብተው ካንሰርን ያጠፋሉ» እየተባለ ለሽያጭ ይቀርባሉ። ምክሩ ከሥሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልስ መስጠቱ ቀላል ነበር። ሰውነት ካንሰርን የሚከላከልበት ሥርዓት በእርግጥ አለው፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከማች የኖረ ማስረጃ አለ። ስሕተቱ ሥርዓቱ በካንሰር የሚሸነፈው ጉልበት አንሶት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰቡ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው ጠላቱን ለይቶ ማየት ስለሚያቅተው፣ ወይም ካየውም በኋላ እጁን እንዲሰበስብ ስለሚደረግ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ቤተሰብ ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያውለው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ለወሎ ደግሞ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይከፋፈላሉ። በእያንዳንዱ መከፋፈል ወቅት የዘር መረጃው ይገለበጣል፤ በግልበጣውም መካከል ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛውን ስሕተት ሕዋሱ ራሱ ያርመዋል፤ ማረም ካልቻለም ራሱን ያጠፋል። ከዚህ ያመለጡትን የመፈለግ ሥራ የበሽታ ተከላካይ ሥርዓቱ ድርሻ ነው። ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጣቸው ከሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እየወሰዱ በገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም እየተዘዋወሩ ያንን ይመረምራሉ። የተለመደውን ቁርጥራጭ ሲያገኙ ያልፋሉ፤ በቫይረስ ወይም በተበላሸ የዘር መረጃ ምክንያት እንግዳ የሆነ ቁርጥራጭ ሲያገኙ ሕዋሱን ይገድላሉ። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት ከዚህ ፍተሻ ለማምለጥ ምንም ነገር በገጻቸው ላይ ማውጣት ያቆማሉ። ለእነዚህም ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የሚባሉ ሌሎች ተጠባባቂዎች አሉ፤ መታየት የሚገባው ነገር መጥፋቱን እንደ ምልክት ቆጥረው ጥቃት ይከፍታሉ።

ይህ ጥበቃ በእርግጥ ካንሰርን እንደሚከላከል የታወቀው ጥበቃው በላላባቸው ሰዎች ላይ በደረሰው ነው። ኩላሊት ወይም ሌላ የአካል ክፍል የተተካላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን አካል እንዳይገፋው የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚታየው ካንሰር፣ በተለይም የቆዳ ካንሰር፣ ከሌላው ሕዝብ እጅግ ይበልጣል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝም ያንኑ በሚያሳዝን ስፋት አሳይቷል። መድኃኒቱ ከመዳረሱ በፊት ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለውና ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ እብጠት የሚያወጣው ካንሰር የኤድስ አንዱ መታወቂያ ነበር፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምርና የቲ ሴሎች ቁጥር ሲያንሰራራ ይህ ካንሰር በብዙ አገሮች በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ካንሰር የሚይዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች የአካል ክፍል የተተካላቸው ወይም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው አይደሉም። የመከላከል አቅማቸው ጉንፋኑንም ቁስሉንም በሚገባ የሚያሸንፍ ጤነኛ ሰዎች ናቸው። በቃሉና በራያ ቆላ ማሽላ የጠበቀ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ማማ ላይ የቆመው ጠባቂ ክንዱ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ በአገዳው ሥር ተሸሽጎ የገባውን ከርከሮ ካላየው ወንጭፉ ፋይዳ የለውም። የካንሰር ሕዋስ የተወለደው ከራሳችን ሕዋስ ስለሆነ አብዛኛው ገጽታው የራስ ነው። ጥበቃው በቀላሉ የሚለያቸውን ሕዋሳት እየገደለ በሄደ ቁጥር ለመለየት የሚያስቸግሩት ተርፈው ይባዛሉ። ከዚያም አልፎ ዕጢው በዙሪያው የተከላካይ ሕዋሳትን ሥራ የሚገቱ ኬሚካሎችን ይረጫል፤ ቲ ሴሎች ከመጠን በላይ ሄደው የራስን አካል እንዳይጎዱ ተፈጥሮ የሠራችላቸውን መግቻም ለራሱ ጥቅም ያውለዋል።

የዚህ መግቻ መታወቅ የካንሰር ሕክምናን ለውጦታል። በጃፓን ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ፒዲ-1 የተባለውን መግቻ አገኙ፤ በአሜሪካ ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ መግቻ በመዝጋት ቲ ሴሎች ዕጢን እንዲያጠቁ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ከሥራቸው የተወለዱት መድኃኒቶች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሆስፒታሎች ገብተው፣ ቀደም ሲል ከተሠራጨ በኋላ በወራት ይገድል የነበረው ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ከያዛቸው ታማሚዎች የተወሰኑት ለዓመታት እንዲኖሩ አስችለዋል። ልብ መባል ያለበት፣ መድኃኒቶቹ አዲስ ጉልበት አይጨምሩም፤ የነበረው ጉልበት የታሰረበትን ይፈታሉ። መፍታቱም ዋጋ አለው፤ መግቻው ሲነሣ ቲ ሴሎች አንጀትን፣ ሳንባን ወይም የእንቅርት ዕጢን የሚያጠቁበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም ለሞት ያደርሳል። «የመከላከል አቅምን ማብዛት ምንጊዜም ጥሩ ነው» የሚለው እምነት ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ከዚህም ሌላ ከታማሚዎች መካከል መድኃኒቱ የሚሠራላቸው በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ከግማሽ ያነሱት ናቸው።

የታማሚውን ቲ ሴሎች ከደሙ አውጥቶ፣ በቤተ ሙከራ የካንሰሩን ምልክት እንዲለዩ አድርጎ መልሶ የመስጠቱ ሕክምናም በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች ተፈቅዷል፤ ዋጋው ለአንድ ሰው በመቶ ሺሕዎች ዶላር ይቆጠራል። መግቻ ፈቺዎቹም በበለጸጉት አገሮች ለአንድ ታማሚ በዓመት እስከ መቶ ሺሕ ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ፔምብሮሊዙማብ በ2025 እ.ኤ.አ. ለተሠራጨ የማኅፀን በር ካንሰር ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ በጎ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ዝርዝር ውስጥ መግባትና ደሴ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መገኘት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር፣ ከወሎ የሚሄድ ታማሚም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ለወራት ተራ ይጠብቅ እንደነበር የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አዳዲስ ማዕከላት በሌሎች ከተሞች እየተከፈቱ ቢሆንም ለወሎ ሰው ጉዞው አሁንም ረጅም ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ ወሎ ላይ ሆኖ ስለ በሽታ የመከላከል አቅምና ስለ ካንሰር የሚያስብ ሰው ዓይኑን ከእነዚህ ውድ መድኃኒቶች ላይ አንሥቶ፣ ያው የሰውነት ጥበቃ በጥቂት ገንዘብ ሊታገዝ ወደሚችልበት ቦታ መመለስ አለበት። ቦታው የማኅፀን በር ካንሰር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ7 ሺሕ በላይ ሴቶችን እንደሚይዝ ይገመታል። መንሥኤው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን አረጋግጦ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ስለዚህ በቫይረሱ መያዝ የማንም ሴት ነውር አይደለም። ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹን የሚያድናቸው የራሳቸው የመከላከል አቅም ነው፤ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይቀራል፤ ከቀረባቸውም በአንዳንዶቹ ላይ፣ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ቆይቶ፣ ወደ ካንሰር ያድጋል። ሕክምና ባልጀመረ ኤች አይ ቪ ምክንያት የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ ይኸው ጊዜ ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥራል። ካንሰርን በመገደብ ረገድ የሰውነት ጥበቃ ያለውን ድርሻ ከእነዚህ ቁጥሮች የተሻለ የሚገልጽ ነገር አላውቅም።

ቫይረሱ ለምን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይቀራል? መልሱ እንደገና ስለ መታየት ነው። ኤች ፒ ቪ ማኅፀን በርን ሲይዝ የሚኖረው በላዩ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ ደም አይገባም፣ ትኩሳት አያስነሣም፣ ሕዋሳትን በድንገት አፍርሶ ማንቂያ አይደውልም። ተከላካይ ሕዋሳት በብዛት ከሚዘዋወሩበት መንገድ ርቆ ስለሚቀመጥ ሰውነት የሚያዘጋጅለት መልስ ደካማና ዘገምተኛ ነው። ክትባቱ ይህን ክፍተት ይሞላል። በውስጡ ቫይረስ የለም፤ ያለው የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የመሰለ፣ የዘር መረጃ የሌለውና ሊባዛ የማይችል ፕሮቲን ነው። ይህ በክንድ ጡንቻ ሲወጋ ተከላካይ ሕዋሳት ቅርፊቱን በግልጽ ያዩታል፤ በተፈጥሮ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ፀረ እንግዳ አካልም ያመርታሉ። ሰውነት በበሽታው ተይዞ ከሚማረው ይልቅ በክትባት የሚማረው ይበልጣል ማለት ነው። ለማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ምክንያት የሆኑት 16 እና 18 የተባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች በክትባቱ ይሸፈናሉ። በስዊድን ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡ ሴቶች ላይ የማኅፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ላይ ደግሞ በ87 በመቶ።

ክትባቱ ግን አንዴ የገባን ቫይረስ አያስወጣም። ስለዚህ መሰጠት ያለበት ከግንኙነት በፊት ነው፤ ሴት ልጅ በለጋ ዕድሜዋ በምትዳርበት አካባቢ ይህ የጊዜ ጉዳይ ከምንም ነገር በላይ ይከብዳል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ክትባቱን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ዶዝ ብቻ ለመድረስ ሰፊ ዘመቻ ተደርጓል። ለድሃ አገሮች የሚቀርብበት ዋጋ በዶዝ 5 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለቤተሰብ በነፃ ነው።

ታዲያ ወሎ ውስጥ ክትባቱ የማያገኛት ልጅ የትኛዋ ናት? ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ መጀመሪያ የምትቀረው ከትምህርት የወጣችው ናት። በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደግሞ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በወሎ ያሉ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር። የተዳረችውም ትቀራለች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በባቲና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የምትሻገረው ልጅም ትቀራለች፤ እኔን ከሁሉም በላይ የምታሳስበኝ እርሷ ናት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ሐኪም ዘንድ ሳትቀርብ ዓመታት ታሳልፋለች። ከአገሯ ይዛው ልትወጣ የምትችለው የዚህ ካንሰር ብቸኛ መከላከያ ከመሄዷ በፊት ክንዷ ላይ የምትወጋው ያ አንድ መርፌ ነው።

«መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ በየቀበሌው እንደሚነገር አውቃለሁ። ልጅ ትልቅ ሀብት በሆነበት አገር እናት ይህን ሰምታ ብትደነግጥ አይፈረድባትም፤ በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ልትመለስ ይገባታል። ክትባቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ልጃገረዶች ተሰጥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴም ከመካንነት ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ አላገኘም። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማኅፀንን ቆርጦ ማውጣት ወይም በጨረር ማከም ነውና።

ለክትባቱ ዕድሜ ላለፈባቸው ሴቶች ምርመራ አለ። በኢትዮጵያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤ ምርመራ፣ የተለወጠውን ሽፋን ነጭ አድርጎ ያሳያል፤ ካንሰር ሳይሆን የተገኘው ለውጥ እዚያው ጤና ጣቢያ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ጥበቃው ሳያየው የቀረውን በባለሙያ ዓይን ማየት ማለት ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራዋን ከ25 ዓመቷ እንድትጀምርና በየ3 እስከ 5 ዓመቱ እንድትደግም ይመክራል። መድኃኒቷን ለመውሰድ ጤና ተቋም መምጣቷ አይቀርም፤ ምርመራው በሌላ ቀን ሳይሆን በዚያው ጉዞ ቢሰጣት የትራንስፖርት ብርም የጎረቤት ዓይንም አያግዳትም።

ጉበት ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሕዝቡ ከሌሎች የጉበት ሕመሞች ጋር «የወፍ በሽታ» እያለ ከሚጠራቸው አንዱ፣ አዋቂን ሲይዝ የመከላከል አቅም አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ጥበቃው ቫይረሱን እንደ ባዕድ ለማየት ስለማይበቃ ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ኋላ ላይ ተከላካይ ሕዋሳት ቫይረሱን ለመግደል ጉበቱን እየደጋገሙ ሲያጠቁ፣ ጉበቱ እየቆሰለና እየጠገገ፣ በጠባሳም እየደደረ ይሄድና ካንሰር ሊያበቅል ይችላል። ጉዳቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው የራስ ጥበቃ ነው። ታይዋን በ1984 እ.ኤ.አ. በቫይረሱ ከተያዙ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናትን መከተብ ጀምራ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሕፃናት ሁሉ አዳርሳ በልጆች ላይ የሚታየውን የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀንሳለች። በእኛም አገር ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት በሽታዎችን በአንድነት በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ለጨቅላዎች ይሰጣል። ነፍሰ ጡር እናት ለቫይረሱ መመርመሯ የሚያስፈልገው ሕፃኑ ሲወለድ ከእርሷ እንዳይያዝ ነው።

ሕክምና የጀመረ ሰው ጉዳይም አለ። ኬሞቴራፒ የሚባለው የተለመደው የካንሰር መድኃኒት በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ስለሚገድል ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት ታማሚው ለቀላል ተሕዋስ እንኳ ይጋለጣል። በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ በፓራሲታሞልና በጦስኝ ሻይ ማደር አይገባም። የወሎ ሰው ታማሚን ሳይጠይቅ አያድርም፤ ቅሬው (እድሩ)፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ቤቱን ይሞላዋል። ይህ ፍቅር ለታማሚው ትልቅ ኃይል ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ግን ጥየቃውን በስልክና ከደጅ ማድረግ፣ ያነጠሰውና ያተኮሰው ሰውም እንዲቆይ መንገር ያስፈልጋል። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት እየበላ ክብደቱን ያልቀነሰ ታማሚ መድኃኒቱን የተሻለ ይቋቋመዋል፤ ምግብ ለመከላከል አቅም የሚጠቅመው በዚህ መልኩ ነው። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሽፈራው የሰውን ካንሰር እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ሐኪም ሳያውቅ ከመድኃኒት ጋር የሚወሰድ የተጨመቀ ቅጠል ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ፣ የመድኃኒቱንም ሥራ ሊያዛባ ይችላል።

ጸበል የሚጠመቀውም፣ ዱዓ የሚያስደርገውም፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) የሚቀመጠውም ሰው ከእምነቱ እንዲወጣ የሚጠይቅ ሳይንስ የለም። ጥያቄው ስለ ጊዜ ነው። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ወይም ከወር አበባ ውጪ ደም የሚፈሳት ሴት ናሙና ሰጥታ ጸሎቷን ብትቀጥል ሁለቱም ይደርሱላታል። ወራት ጠብቃ ብትመጣ ዕጢው ከጥበቃው የሚደበቅበትን ተጨማሪ መንገድ ይዞ፣ ወደ ሌላ አካልም ተሻግሮ ይጠብቃታል።

ትምህርት ቤት በሌለበት ቀበሌ ልጃገረዶችን ማን ያውቃቸዋል ቢባል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ቅሬው ያውቋቸዋል። ቅሬ በእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደታጨች፣ ማን ለጉዞ እንደተሰናዳች ያውቃል፤ ሼሁና ቄሱ አብረው ያሉበት በመሆኑም የሚናገረው ይሰማል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች ዝርዝር በዚህ መንገድ ቢያሰባስቡና ክትባቱን በገበያ ቀን፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢያቀርቡት አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልጋቸውም። በዚያ ዕድሜ ሳትገኝ ያለፈች ልጅ፣ 30 ዓመት ሞልቷት ለኮምጣጤው ምርመራ እስክትጠራ ድረስ ከዚህ ካንሰር የሚጠብቃት ሌላ የተዘጋጀ አገልግሎት የለም።